እታለም ትበል

ወንድሜ ይሄይስ ከጃፓን የደወለልኝ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር ባለችው የስፌት ቤቴ በር ላይ መኪናዬን አውጥቼ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እሰፋ ነበር። ገበያ ስለሆነ ባጃጁም ጋሪውም መንገዱን ሞልቶታል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይጮሃል። እነሱ ዘንድ ግን ቀኑ ተጋምሶ ወደ ማታው እያዘነበለ ነው።

«እታለም፣ ዛሬ ሥልጠና የለንም። ከተማውን ላሳይሽ ነው» አለኝ።

ተዘግቶ የከረመው ዳታ ከተለቀቀ ወዲህ ምስሉ ጥርት ብሎ ይመጣል። የይሄይስ አፍንጫ ቀልቷል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ነጭ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥሁ። በረዶ ብዬ የማውቀው የኛን አገሩን ነው። ክረምት መውጫ ላይ ቆርቆሮውን እየደበደበ ይመጣል፣ የባቄላውን አበባ ያረግፋል፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ቀልጦ ይሄዳል። ሰው ቤቱ ገብቶ ያሳልፈዋል፣ በቃ። ይሄ ግን መጥቶ የሚሄድ አይደለም። መኪናውን፣ አጥሩን፣ የቤቱን ጣሪያ እንደ አስከሬን ገንዞ ተቀምጧል።

«መቼ ነው የሚቀልጠው?» አልሁት።

«በሚያዝያ» አለኝ እየሳቀ።

ይሄይስ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። መራዊ አጠገብ ቆጋ ላይ የመስኖውን ውኃ ለገበሬው በተራ የሚያዳርስ ባለሙያ ነው፤ ጃፓንም የሄደው ለሁለት ወር የውኃ አያያዝ ሥልጠና ነው። እናታችን ስትሞት እሱ ስድስት፣ እኔ አሥራ ስድስት ዓመታችን ነበር። አባታችን ከቡሬ ወዲህ ካለው ገጠር እርሻቸውን ይዘው ሲቀሩ፣ ልጁን እኔ ይዤ ከተማ ገባሁ። አሳደግሁት ከምል አዝዤ አሳደግሁት ብል ይሻላል። ብላ ስለው በላ፣ ተኛ ስለው ተኛ፣ እርሻ ተማር ስለው ተማረ። የጃፓኑን ፎርም ሙላ ያልሁትም እኔ ነኝ። ባሌ «አንድ ቤት ሁለት አባወራ አይችልም» ብሎ ነው ትቶኝ የሄደው፤ አልፈርድበትም። ይሄይስ ግን አንድ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ያምሮት በሚለው ስሜ ጠርቶኝም አያውቅም፤ መልሱ «እሺ እታለም» ነው። እኔም ይህችን ቃል እየሰማሁ፣ ልጅ እንዲህ ነው የሚያድግ እያልሁ ስኮራ ኖርሁ።

ስልኩን እያዞረ ያሳየኝ ጀመር። አንድ አረንጓዴ ባቡር በመንገዱ መሀል ከሰው ጋር እየተጋፋ ዝግ ብሎ ያልፋል። አሳ ተራ ገባና እግሩ የማይቆጠር ሸርጣን አሳየኝ። አጠገቤ ሻይ የምትሸጠው ሲሳይነሽ ብርጭቆዋን እንደያዘች መጥታ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ አየች።

«ይሄን ይበሉታል? አንተም ቀመስህ እንዳትለኝ!» አለችው።

«ኧረ እኔ ሩዝ ነው የምበላ፣ እትዬ ሲሳይነሽ።»

ከዚያ ሜዳ ላይ ከበረዶ የተሠራ ፈረስ አየን፤ ከነኮርቻው፣ ቁመቱ ሁለት ፎቅ ያህላል። ልጆች በበረዶ ቁልቁለት እየተንሸራተቱ ይንጫጫሉ። ጥዶቹ ከጫፋቸው እስከ ታች ዙሪያውን በገመድ ተወጥረዋል። ቅርንጫፉ በበረዶው ክብደት እንዳይሰበር ነው አለኝ። ገመድ በየሄደበት አለ። ሲሳይነሽ ሁሉንም እያየች ታደንቃለች። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። ልጁ ድልድይ ላይ ሲቆም ሥሩ ያለው ወንዝ ይታየኛል። መንገድ ሲሻገር መኪናው ፍሬን ባይዝስ እላለሁ። አንዴ አዳለጠውና ስልኩ ሰማይ ምድሩን አዟዟረብኝ፤ እግሬ ፔዳሉን ሳተው፣ መርፌው ኮሌታውን ትቶ ጣቴን ጫር አደረገኝ።

«ቀስ በል! እጅህን ከኪስህ አውጣ! ከዚያ ድልድይ ላይ ውረድ!»

«እሺ እታለም።»

ወርዶ ወደ አንድ ኮረብታ ወጣ። ሲተነፍስ ከአፉ ጢስ ይወጣል። ድንገት ቆመና ስልኩን ወደ ላይ ቀና አደረገው። አረንጓዴ ጉልላት፣ በጉልላቱ ላይ መስቀል።

«እታለም፣ ይሄን እይልኝ! ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው። ኦርቶዶክስ ነው አሉ፣ ድሮ መስኮቦች፣ ሩሲያኖቹ፣ የሠሩት።»

እልል አልሁ። ባለጋሪው ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ልጁ ከወር በላይ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠም፤ እሑድ እሑድ ይሄ ሲከነክነኝ ነው የከረመው። መስቀሉ እኛ የማናውቀው ተጨማሪ አግዳሚ አለው፤ ይኑረው፣ መስቀል መስቀል ነው። ተሳለም አልሁት። ግቢው በር ላይ ኮፍያውን አወለቀና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሊፈታ ጀመረ።

«ጫማውን ተወው» አልሁት። «እግዜር ብርዱን ያያል።»

እንዲህ ያለ አስተያየት ማድረጌ ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር። የግቢውን በር ተሳለመ፣ አማተበ፣ ገባ። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቷል፤ ሰው የለም። ምሶሶና ደረጃ ያለው መግቢያው ላይ ቆሞ በሩን ሦስት ጊዜ ሳመና ልሂድ አለኝ።

«ለኔስ? ለኔም ተሳለምልኝ እንጂ። ዞር ብለህ ግድግዳውን።»

ዞረ። ትንሽ ተራመደና ቆመ። «እዚህ ጋ ገመድ ተስቧል እታለም። ወረቀትም ተንጠልጥሎበታል፤ ምን እንደሚል አላውቅም።»

ቀይ ገመድ ነው። በብረት ዘንጎች ተይዞ ግድግዳውን ከአራት እርምጃ ርቀት ይከተላል። እኔ ደግሞ በገመድ የተተበተበ ከተማ ሳይ ነው ያረፈድሁት።

«ዛፉንም ቤቱንም ማሰር ይወዳሉ መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያን ለተሳላሚ በገመድ ይከለከላል እንዴ? ዝቅ ብለህ እለፍ።»

«ሰዎቹ እኮ ክረምት ክረምት ከግድግዳ ርቀው ነው የሚሄዱ። ሲመክሩንም…»

«ይሄይስ!» አልሁት።

ስሙን እንዲያ ስጠራው ያውቃል። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያውቃል።

«እሺ እታለም» አለና ጎንበስ ብሎ በገመዱ ሥር አለፈ።

ስልኩ በእጁ ስለነበር የማየው የራሱን እግር ነው፤ ጉልበቱ ድረስ እየሰመጠ ሲራመድ ይንኮሻኮሻል። ቀጥሎ ቡናማ የእንጨት ግድግዳ መጣ። ከላይ የሆነ ነገር ተንሸራተተ፣ እንደ ረጅም ትንፋሽ። ከዚያ እህል የሞላው ጆንያ ከመኪና ላይ ሲጣል እንደሚሰማው፣ ድም አለ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ቀጥሎ ግራጫ ሆነ። ሦስት ሰከንድ ያህል ምንም ሳይሰማ ቆየና ጥሪው ተቋረጠ።

ደወልሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልሁ። ስንት ጊዜ እንደደወልሁ አላውቅም፤ በመጨረሻ መጥራቱንም ተወ።

«ኔትወርክ ነው» አለች ሲሳይነሽ።

«ኔትወርክ እንዲህ ድም ይላል?» ብዬ ጮህሁባት። ምስኪን ሴት፣ ምን አጠፋች።

የአሸናፊን ቁጥር ፈለግሁ። አሸናፊ አብሮት ከመራዊ የሄደ የሥራ ጓደኛው ነው፤ የዚያን ቀን ጉንፋን ይዞት ማደሪያው ቀርቷል ብሎኛል ይሄይስ። በአራተኛው ጥሪ አነሳ። ኮረብታውን፣ ጉልላቱን፣ ገመዱን፣ ድም ያለውን ነገርሁት። «አሁኑኑ እሄዳለሁ» ብሎ ሳይሰናበተኝ ዘጋው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ተኩል ጠላቴም አይየው። ተቀመጪ ቢሉኝ አልቀመጥ፣ ቁሚ ቢሉኝ አልቆም። የኮሌታውን ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጬ አራት ያህል ሰፍቻለሁ። አንዲት ሴት መጥታ የልጇን ሱሪ ርዝመት ስትነግረኝ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃሏ አይሰማኝም። ግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም፤ ማን ያየዋል? ቢጮህስ በየትኛው ቋንቋ ይጮሃል? ሰው በረዶ ሥር ስንት ደቂቃ ይተነፍሳል? ይሄን የምጠይቀው ሰው ፍኖተ ሰላም ውስጥ የለም። እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሸንኮራ የሚበሉ ልጆች ያልፋሉ፣ ፈረሱ ጅራቱን ያወዛውዛል። ይህ ሁሉ እንደ ስድብ ነበር የሚሰማኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አሸናፊ ነው። ምስል የለውም፣ ድምፁ ብቻ።

«ያምሮት… እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ?»

«አገኘኸው?»

«አዎ፣ አግኝተነዋል። ሆስፒታል ነን። ትንሽ… ትንሽ ተጎድቷል። አይዞሽ። ለመሆኑ አጠገብሽ ሰው አለ? አባታችሁ ገበያ ገብተዋል?»

ገባኝ።

እኛ አገር ሰው ሲሞት «ሞተ» ብሎ የሚደውል የለም። ትንሽ አሞታል ይባላል። ሆስፒታል ገብቷል ይባላል። አጠገብሽ ሰው አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ። አምና የጎረቤቴ የዓባይነሽ ልጅ መተማ መንገድ ላይ በመኪና ሲሞት የደወልሁላት እኔ ነበርሁ። «ትንሽ ተጎድቷል፣ አጠገብሽ ሰው አለ?» ነበር ያልኋት። እኔው የተናገርሁትን ቃል አሸናፊ አንዱን ሳያስቀር ለኔ መለሰልኝ። መርዶ ደግሞ በስልክ አይሰማም። ከቃሉ ቀድሜ ስልኩን ዘጋሁት። ዳግም እንዳይጮህ አጠፋሁትና ከጨርቁ ሥር ወሸቅሁት።

«ምን አለሽ?» አለች ሲሳይነሽ።

«ይሄይስ ሞቷል።»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። ላለቅስ ስል እሷው ጉልበቴን ጨበጠችኝ። «አባትሽ! አባትሽ ገበያ ናቸው እኮ። መንገድ ላይ እንዳይሰሙ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። አባቴ አቶ ገነነ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መጥተው እኔ ዘንድ ውኃ ጠጥተው ነው ወደ አገራቸው የሚመለሱት። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ገበያ መሀል፣ የስፌት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሊሰሙ አይገባም። ዛሬ በሰላም ይሂዱ፤ ነገ ሲነጋጋ የአገራቸው ሽማግሌዎች ይንገሯቸው። እንዲያ ብዬ ወሰንሁ። እኔ ሁልጊዜ የምወስነው አላጣም።

ሲሳይነሽ ግን ሻይዋን ትታ ሄዳ ለሁለት ጎረቤቶች ሹክ ብላ ኖሮ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊገቡ ሲሉ «አስተካክሉ!» አልኋቸው በሹክሹክታ። አስተካክለው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ወዲያው አባቴ በትራቸውን ይዘው ከፀሐዩ ገቡ።

«እንዴት ዋላችሁ። ምነው ዛሬ ሰው በዛ?»

«ልኬት ሊያስለኩ ነው አባባ። ይቀመጡ።»

ውኃ ሰጠኋቸው። ጠጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ።

«ልጁ ደወለ?»

«ደውሏል። ደህና ነው። ሰላም በይልኝ ብሏል።»

«እግዜር ይመስገን። ምን አለ?»

«ከተማውን ሲያሳየኝ ነበር።»

«እስቲ እንዴት ያለ ከተማ ነው? ንገሪኝ እንጂ» አሉና በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተመቻቹ።

ነገርኋቸው። ምን አደርጋለሁ? ስለ አረንጓዴው ባቡር ነገርኋቸው። ከነኮርቻው ከበረዶ ስለተሠራው ፈረስ ነገርኋቸው። «ከነኮርቻው!» እያሉ ሳቁ። ስለ ሸርጣኑ ስነግራቸው ፊታቸውን አጨማደዱ። ሴቶቹ ወደ መሬት ያያሉ። አንዷ ሹልክ ብላ ወጣች፤ አልቻለችም። እኔ ቃል በቃል ላይ እየጨመርሁ አወራለሁ፣ ምክንያቱም ዝም ካልሁ እጮሃለሁ። በሆዴ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚዞር፦ እለፍ ያልሁት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብሎ ያለፈው ለኔ ነው።

በዚህ መሀል የአባቴ ኪስ ጮኸ።

ስልካቸው ባለ ቁልፍ ናት፤ ጆሯቸው ስለደከመ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያናግሩ። ከራቀች ቦታ የመጣ ረጅም ቁጥር ነው። ቁልፉን ፈልገው እስኪጫኑት ዘመን ሆነብኝ። ይኸው፣ የጃፓን ሰው ለአባቴ መርዶ ሊነግር ነው ብዬ ስልኩን ከእጃቸው ልነጥቅ ተነሳሁ።

«ሃሎ?»

«አባባ፣ እኔ ነኝ። እታለም አጠገብዎ አለች? ስልኳን ዘጋችብን።»

የይሄይስ ድምፅ ነው። ቀጭን፣ የደከመ፣ ግን የሱ። የጮህሁትን ጩኸት ማዶ ያለው የሆቴል አስተናጋጅ ሰምቶ ሮጦ መጥቷል። ሲሳይነሽ መሬት ላይ ተዘረጋች። አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሴቶቹን ያያሉ። «ምን ሆናችኋል? ልጁ እኮ ነው!» ይላሉ።

ስልኩን ተቀብዬ «ይሄይስ! የኔ ዓለም! አለህ?» አልሁት።

ጥያቄዬን ሳይመልስ አሸናፊ ስልኩን ወሰደው። ተቆጥቷል፤ ቁጣውን ሊደብቅም አልሞከረ። «ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስልክሽን ዘግተሽ እሱ እዚህ አንቺን ይጠብቃል! ስሚኝ። ከጣሪያው የወረደው በረዶ ድንጋይ ሆኖ ጭኑን ሰብሮታል። አንድ አዛውንት በገመዱ ማዶ የወደቀውን ስልኩን አይተው ነው ሰው ጠርተው ያስወጡት። የተሰበረው አጥንት የደም ሥሩን ዘግቶታል። ሐኪሞቹ አሁኑኑ እንክፈተው ይላሉ። እሱ ግን አልፈርምም ብሏል፤ እታለም ትበል ብሏል። አጠገብሽ ሰው አለ ወይ ያልሁሽ ብቻሽን እንዳትወስኚ ብዬ ነበር።»

መልሶ ለይሄይስ ሰጠው።

«እታለም» አለኝ። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። «ወረቀቱ ሁለት ነገር ይላል። እንሞክራለን ይላል። ካልሆነ ደግሞ… ከጉልበት በላይ እንቆርጣለን ይላል። ለሁለቱም ነው ፈርም የሚሉኝ። ምን ልበል?»

ማዘዝ ፈራሁ። በሕይወቴ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። የመጨረሻው ትዕዛዜ በረዶ ሥር ነው የጨመረው፤ ይሄኛው ደግሞ እግሩን ቢያስቆርጠውስ? ከቦይ ቦይ እየዘለለ ውኃ የሚያዳርስ ልጅ በአንድ እግሩ እንዴት ይኖራል? አትፈርም ብለው ደግሞ ቢሞትስ?

«አባባን ጠይቅ» አልሁት።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺን ነው የጠየቀ።»

«እኔን አትጠይቀኝ ይሄይስ። እኔ አላውቅም። እፈራለሁ።»

ከወዲያ ሰዎች በማላውቀው ቋንቋ በጥድፊያ ሲነጋገሩ፣ የብረት ዕቃ ሲንኳኳ እሰማለሁ።

«እንግዲያ ማንን ልጠይቅ?» አለኝ።

እናታችን የሞተች ዕለት ማታ ከማን ጋር ነው የምተኛ ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነው የተናገረው፤ ድምፁ አንድ ነው። አሸናፊ ከኋላ «ያምሮት፣ ቶሎ በይ፣ የእግር ጣቶቹ እየጠቆሩ ነው!» አለ።

«ፈርም!» አልሁት። «ፈርም፣ የኔ ጌታ። ፈርም።»

«እሺ እታለም።»

ተዘጋ። ያቺን ቃል ያን ቀን የፈራኋትን ያህል ጅብም ፈርቼ አላውቅም።

ሴቶቹ ተነሱና ቀስ እያሉ ወጡ፤ ሲሳይነሽ ብቻ ቀረች። ስልኬን ከጨርቁ ሥር አውጥቼ ከፈትሁትና ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት። አባቴ በትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። ከዚያ «ጣሪያው ሥር ምን ሊያደርግ ገባ?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ይሄይስም ብጠይቀው ይዋሽልኝ ነበር።

«ግድግዳውን ተሳለምልኝ ብዬው ነው።»

«ገመድ አለ አላላችሁም?»

«አለ።»

«እሱስ ገመዱን አላየም?»

«አይቷል። ነግሮኛልም። ፈርቶም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አለፈ?»

«እለፍ ስላልሁት።»

አባቴ በትራቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱ። «ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው፣ በዓይኑ አይቶ፣ ፈርቶ፣ እህቴ አለችኝ ብሎ ያልፋል?» አሉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ምን አድርገሽ ነው ያሳደግሽልኝ፣ ያምሮት?»

ባሌ የሰደበኝን ሁሉ ብትሰበስቡት እንዲህ አላመመኝም። እሳቸውም ያሉት ከበዳቸው መሰለኝ፣ ቆይተው «ነገሩስ እኔም ልጅ ላይ ልጅ ጥዬ ነው ወደ በሬዎቼ የተመለስሁ» አሉ። ወደ አገራቸው የሚመለስ ሚኒባስ ጡሩምባ እየነፋ አለፈ፤ አልተነሱም። እኔም ይሂዱ አላልኋቸው።

እንዲያ ተቀምጠን ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ሲሳይነሽ ሻይ ቀድታ አመጣች፣ ማንም ሳይነካው ቀዘቀዘ። አባቴ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልዩት ለልጁ ነው። እኔ መጸለይ ፈራሁ። ምን ብዬ? እንዲህ አድርግ ብዬ እግዜርን ልዘዘው?

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን አሸናፊ ደወለ። ገና ሃሎ ሳልል «እግሩ አለ!» አለኝ። «ሰምተሻል? እግሩ አለ። ደሙ ይዘዋወራል። ብረት አስገብተውለታል። ተኝቷል።» ደግሜ አስባልሁት። አባቴም ይስሙት ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ አስባልሁት። እሳቸው ተነስተው ወደ ምሥራቅ ዞረው አማተቡና፣ ሳያዩኝ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። ያኔ ነው ከጠዋት ጀምሮ የያዝሁትን ለቅሶ ያለቀስሁት።

ይሄይስን ራሱን በምስል ያገኘሁት ማክሰኞ ነው። አልጋ ላይ ነው፣ እግሩ በብረት ተወጥሮ ከፍ ብሏል፣ መስኮቱ ላይ በረዶ ይወርዳል። ከሳ፣ ግን ይስቃል። ነርሷ ብርቱካን ልጣ እንደምታጎርሰው ነገረኝ። ስለ ገመዱ አንድም ቃል አላነሳ። ይቅርታ አድርግልኝ ስለው «ምኑን?» አለኝ፣ የምሩን ነው።

«እታለም» አለኝ ቀጥሎ። «ሁለት ነገር አቅርበውልኛል። አንደኛው በሚቀጥለው ሳምንት በተሽከርካሪ ወንበር አሳፍረው አገሬ ሊልኩኝ ይችላሉ። ሁለተኛው ሁለት ወር እዚሁ ቆይቼ እግሬን ሊያለማምዱልኝ ይችላሉ። ዛሬ መልስ ይፈልጋሉ። ልምጣ ወይስ ልቆይ?»

ና። አፌ ውስጥ ያለችው ይቺ ብቻ ነበረች። ና፣ እዚህ ዓይኔ ሥር ሁን፣ ያንን ነጭ ነገር ዳግም አልየው። ምላሴ ላይ መጥታ ቆማለች። ዋጥኋት። እንደ አጥንት ነው የወረደችው።

«አንተስ?» አልሁት። «አንተ የቱን ትፈልጋለህ?»

አፉ ትንሽ ተከፍቶ እንደቀረ ምስሉ አይንቀሳቀስም። እንደዚያ ቀን የተቋረጠ መስሎኝ «ይሄይስ! ይሄይስ!» ብዬ ተጣራሁ። ከዚያ ዓይኑን ሲያርገበግብ አየሁት። አልተቋረጠም። እያየኝ ነው የነበረ።

«እኔ እንጃ እታለም» አለኝ። «ጠይቀሽኝ አታውቂም እኮ።»